ስሟን አትጥሩ

መርካቶ ተወልጄ ነው ያደግሁት። አባቴ ክር ነጋዴ ስለነበር እኔም ዳዴ ያልኩት በጆንያ መሀል ነው። ስለዚህ ሰው "መርካቶ ያስፈራል" ሲለኝ እስቅ ነበር። ኪሱን ተዘርፎ የሚያማርር እንግዳ ሳገኝ "አይንህን ከፍተህ አትሄድም?" የምል አፈኛ ነበርኩ። ምላሴ ረጅም ነው፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ታዲያ የዚያን ሐሙስ ነገር ስነግራችሁ "ድሮም ፈሪ ነበረች" እንዳትሉኝ። ፍርሃትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቀውም ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን እጅ ሥራ አስተምራለሁ። ከአንድ ፍራሽ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆርቆሮ እንቆርጣለን፣ ሽቦ እናጣምማለን፣ ከወተት ጣሳ መኪና፣ ከካርቶን ቤት እንሠራለን። ልጆቹ ስደተኞች ናቸው። ከየመን የመጣ አለ፣ ከኤርትራ አለ፣ ከደቡብ ሱዳን አለ፣ ከኮንጎም አለ። ቤተሰቦቻቸው ሥራ ፍለጋ ሲዞሩ ልጆቹ የሚውሉበት ስላልነበራቸው ነው ክፍሏ የተከፈተችው። እኔም ስገባ ነገሩን ቀለል አድርጌ ነበር የያዝኩት። ልጆች ማዋል ምን ይከብዳል ብዬ።

የመጀመሪያው ሰሞን ጆሮዬ ሊበጠስ ነበር። አንዱ በዓረብኛ ይጠራኛል፣ አንዱ በትግርኛ፣ ሌላው በማላውቀው ቋንቋ ይጮሃል፣ እኔም ዝም በሉ ብዬ ከሁሉም በላይ እጮሃለሁ። በኋላ ሕግ አወጣን። ሥራውን የጨረሰ ወይም እርዳታ የፈለገ ልጅ አይጮህም፣ ጣሳውን በማንኪያ ይመታል። ሁለቴ ቀስ አድርጎ፣ ሦስቴ ደግሞ አፍጥኖ፦ ቋ… ቋ… ቋቋቋ። የሰማ ሁሉ የራሱን ጣሳ ሁለቴ መትቶ ይመልሳል፣ "ሰምተንሃል" ማለት ነው። ልጆቹ ነገሩን ወደዱት። እንዲያውም ደረጃ ላይ ሲወጡ፣ በር ሲያንኳኩ፣ ሁሉ ነገር ቋቋቋ ሆነ።

ከሁሉም የባሰችው ሰልማ ነበረች። ሰልማ ከእናቷ ጋር ከየመን የመጣች፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ብል አላጋነንኩም። እናቷ ፈውዚያ "ቤት ታወራለች፣ ውጭ ዝም" ብላኛለች። በአፏ ዝም ትበል እንጂ በጣሳዋ ግን ወሬኛ ነበረች። አንድ ሽቦ ባጠፈች ቁጥር ቋ… ቋ… ቋቋቋ ታደርጋለች፣ ሁላችንም መመለስ አለብን። ካልመለስን ሥራዋን አትቀጥልም።

ያን ሐሙስ በንፋስ የሚዞር መዘውር ልንሠራ አስበን፣ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ለማምጣት ልጆቹን ይዤ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራ ሰው የጣለው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ባልዲ፣ የከሰል ምድጃና የልብስ ሳጥን የሚሆንበት ቦታ ነው። መዶሻ አያርፍም። እዚያ የሚሠራ ሰው ቤቱ ገብቶም እየጮኸ ነው የሚያወራው። እንደ ልማዴ ልጆቹን ረጅም ገመድ አስይዣቸዋለሁ። ገመዱ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ አለው፣ ቋጠሮ መልቀቅ ክልክል ነው።

ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ደረስን። ጋሼ ሸምሱ ሳጥን ሠሪ ናቸው፣ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ ቁርጥራጩንም በነፃ የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ትልልቅ ሳጥኖች ክዳናቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል። ቀለማቸው የደረቀውን ሠራተኞቹ እየዘጉ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ። ጭነቱ ለነገ የወልቂጤ ገበያ ነው።

"ሀያትዬ፣ ጦርሽን አሰልፈሽ መጣሽ?" አሉኝ ጋሼ ሸምሱ።

"ጦሩ ቆርቆሮዎን ሊዘርፍ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ከኋላችን የመኪና ጎማ ፈነዳ። ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። ዞር ስል ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው። አንዱ ጆሮውን ይዟል፣ አንዷ እህቷ ላይ ተኝታባታለች። በአካባቢው ያሉት ሰዎች ሳቁ። እኔም ቀልድ ለማስመሰል "ጎማ ነው፣ ጎማ ነው የኔ ልጆች" እያልኩ አቧራቸውን አራግፌ አነሳኋቸው። ገመዱን ከመሬት አንስቼ አስያዝኳቸው። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቋጠሮ የያዘው ሰው አልነበረም።

"ሰልማስ?" አልኩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

መጀመሪያ ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። እዚሁ ናት፣ አንዱ ሳጥን ጀርባ ናት ብዬ አየሁ። ሱቁ ውስጥ ገባሁ፣ መኪናው ሥር አጎንብሼ አየሁ። ከዚያ መንገዱን ቀና ብዬ ሳይ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ጆንያው፣ ሰው በሰው ላይ። ያን ሁሉ ዘመን የማውቀው መንገድ ድንገት ጫፍ የሌለው ሆነብኝ። ልቤ ወደቀ። ልጆቹን ለጋሼ ሸምሱ ባለቤት ለእትዬ ሙኒራ አስረክቤ ሱቅ ውስጥ አስገባኋቸውና "ሰልማ! ሰልማ!" እያልኩ መሮጥ ጀመርኩ።

ማዕዘኑ ላይ በድምፅ ማጉያ ካልሲ የሚሸጥ ቴዲ የሚባል ልጅ እግር ጎረምሳ አለ። ድምፁ በሌላ ቀን ያናድደኛል፣ ሁለቴም ተጣልቼዋለሁ። የዚያን ቀን እጁን ያዝኩት።

"ቴዲዬ፣ ልጅ ጠፍታብኛለች። ሰልማ ትባላለች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች።"

ቴዲ ካልሲውን ትቶ ሳጥን ላይ ወጣ። "ሰልማ! ሰልማ የምትባል ልጅ! ቢጫ ሹራብ! ያያችሁ እዚህ አምጡ! ሰልማ ነይ!" የመርካቶ ሰው መቼም በክፉ ቀን ጨካኝ አይደለም። ከወዲያ ማዶ ጫማ ሻጩ በራሱ ማጉያ ተቀበለው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ተራው በሙሉ ሰልማ ሰልማ ይል ጀመር። እኔ ያኔ ተጽናናሁ። ይሄ ሁሉ ድምፅ እየተጣራ የት ትሄዳለች አልኩ።

አንድ ተሸካሚ "ቢጫ የለበሰች ልጅ አንዲት ሴትዮ እየጎተተቻት ወደ ሸማ ተራ ስትሄድ አይቻለሁ" አለኝ። እየጎተተቻት የሚለው ቃል ወገቤን ቆረጠው። እንዴት ሸማ ተራ እንደደረስኩ አላውቅም። ነጠላ ከሚሸጡት መሀል ቢጫ ሹራብ አየሁና ዘልዬ ጨበጥኩት። ልጅቷ ዞረች። ሰልማ አልነበረችም። እናትየዋ "የልጅ ሌባ! ልጄን ልትወስድ ነው!" ብላ ጮኸች፣ ከየት መጣ ሳይባል ሰው ከበበኝ። አንዱ ክንዴን ጠመዘዘው፣ አንዱ ከኋላ ገፋኝ። ማስረዳት ፈልጌ ምላሴ ተሳሰረ፣ ያ ረጅሙ ምላሴ። አንዲት ጋቢ ሻጭ አሮጊት "ተዉ፣ የክር ነጋዴው ልጅ ናት፣ አውቃታለሁ" ባይሉ ኖሮ ከዚያ በእግሬ አልወጣም ነበር።

ስመለስ ሰልማ አልተገኘችም። ፀሐይዋ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያው ወርዳለች፣ አንዳንዱ ሱቅ መዝጋት ጀምሯል። ስልኬን አውጥቼ ፈውዚያ ጋ መደወል ነበረብኝ። አንድ ሁለቴ ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ። ስታነሳው "ሰልማ ከእጄ ጠፋች" አልኳት። ስልኩ ውስጥ የምትሮጥበትን የጫማዋን ድምፅ ብቻ ሰማሁ።

ፈውዚያ የምትሠራው እዚያው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ቅመም ስታበጥር ነው፣ ብዙ አልቆየችም። በርበሬ የነካውን ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ትመታኛለች፣ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ቆማ ታዳምጣለች። ከአራት ማዕዘን "ሰልማ! ሰልማ ነይ ውጪ!" ይላል። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አስቁሚ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ስም። ስሟን አትጥሩ። ኡስታዛ፣ ለአላህ ብለሽ፣ አስቁሚ።"

አልገባኝም። ሰው ልጇን እየፈለገላት ነው። ክንዴን ጨበጠችኝና በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችኝ። ከተማቸው ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ሲመጡ በማጉያ ስም ይጠራሉ። ከየቤቱ እገሌ ውጣ፣ እገሌ ውጣ። ባሏን ጠሩት፣ ወጣ፣ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ልጇን ያስተማረቻት እሷ ናት። ስምሽን ከጠሩ አትውጪ። ግቢ፣ ዝጊ፣ አትተንፍሺ። እናት ብትጠራሽ እንኳ አትውጪ፣ አስገድደዋት ይሆናል።

"ብዙ ሲጠሩ ብዙ ትደበቃለች" አለችኝ።

ስንት ሰዓት ሙሉ ልጅቷን ስንፈልግ ሳይሆን ስናሳድዳት ነው የዋልነው። ሮጬ ቴዲን ማጉያውን ነጠቅኩት። እሱም "ስሟን አትጥሩ! ስሟን አትጥሩ!" እያለ ወደ ጫማ ሻጩ ሮጠ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ብዙው ሰው ለምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን ዝም አለ።

ግቢ፣ ዝጊ። ይህ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ሰው ገብቶበት የሚዘጋው ነገር እዚህ ምን አለ? ቀና ስል የጋሼ ሸምሱ ሠራተኛ አብዲ ከጭነቱ የተረፈውን አንድ ባዶ ሳጥን ክዳን በመዳፉ መትቶ መቀርቀሪያውን ሲወረውረው አየሁ። ውስጡን አላየም። ሁሉንም እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ ክዳኑ ክፍት ከሆነ ሲጫን ይጣመማልና እጃቸው ሳያስቡት ይቆልፈዋል።

"አብዲ፣ ስትዘጋ ውስጡን ታያለህ?" አልኩት።

"ባዶ ሳጥን ምኑ ይታያል?"

"ከባድ ነገር አላነሳህም ዛሬ?"

"ትልቁ ሁሌም ይከብዳል። ቦታ እንዳይፈጅ ትንሹን ሳጥን ትልቁ ውስጥ ነው የምንከተው" አለና ቆመ። እጁ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቀረ። "አንዱ ዛሬ ከብዶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላ ሳጥን ያለበት መስሎኝ…"

ሁላችንም ወደ አይሱዙው ዞርን። የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። ዘይት የነካው አስፋልት ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ ያለውን ስተርክላችሁ አሁንም እጄን ያልበኛል። ወልቂጤ ድረስ ያለው መንገድ፣ ሸራ የለበሰ ጭነት፣ ከሥር የተቆለፈ ቆርቆሮ፣ ትንፋሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ሮጥን። አብዲ ከፊት፣ ፈውዚያ ከኋላው፣ እኔ ጫማዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። የመርካቶ ጋሪ መጨናነቅ ሲያናድደኝ ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ማዕዘኑ ላይ በርሜል የጫነ ጋሪ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት ነበር። አይሱዙው ከኋላው ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። አብዲ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገረ፣ ሞተሩ ጠፋ።

"አውርዱት ሁሉንም" አልኩ።

"የታሰረ ጭነት ነው፤ እስክናወርደው ይመሻል" አለ ሹፌሩ። "ደግሞ የትኛው ውስጥ እንዳለች ሳታውቁ ከላይ ሰው ከወጣበት ቆርቆሮው ይጨፈለቃል።"

እውነቱን ነው። ሸራው ሥር ሳጥን በሳጥን ላይ ተደራርቧል። አንዱን መታሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም አይሰማም፤ ዙሪያውን መዶሻ ይወርዳል። ቀጥቃጮቹ ከመጨለሙ በፊት የቀናቸውን ሊጨርሱ ተያይዘውታል። ልጅቷ ብትጮህ እንኳ የሚሰማት የለም።

ጋሼ ሸምሱ በዚህ መሀል እያነከሱ ደረሱ። ነገሩን ከአብዲ ሰሙ። ምንም ሳይናገሩ መዶሻቸውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንስተው በተራው መሀል መሄድ ጀመሩ። ያያቸው ቀጥቃጭ የያዘውን አቁሞ የራሱን መዶሻ ያነሳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ድምፁ ከእኛ ጀምሮ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። ምናለሽ ተራን ዝም ብሎ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እዚያ መዶሻ የሚቆመው የተራው ሰው ሞቶ አስከሬን ሲያልፍ ብቻ ነው። ከሩቅ አንድ ሰው "ማን ሞተ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ፈውዚያ ቃሉን አውቃዋለች። ደግፌ ያዝኳት።

ከቦርሳዬ የማይለየውን የክፍላችንን ጣሳና ማንኪያ አወጣሁ። ሸራው አጠገብ ቆሜ መታሁ። ቋ… ቋ… ቋቋቋ።

ምንም የለም።

ደግሜ መታሁ። ያ ሁሉ ሰው መዶሻውን አንስቶ ያየኛል። እንደ እብድ ጣሳ ስደበድብ የሚስቅ አልነበረም። "ያ ረቢ" እያለች ፈውዚያ እጄን ትጨብጣለች፣ እጄ ታስሮ መምታት አቃተኝ። ለቀቀችኝ። ሦስተኛ መታሁ። ጣሳው በመዳፌ ላብ ሊያመልጠኝ ነበር። መልሺልኝ የኔ እናት፣ ሁልጊዜ መልሱልኝ የምትዪው አንቺ ነሽ፣ ዛሬ መልሺልኝ እል ነበር በሆዴ።

ከጭነቱ መሀል፣ ከታች፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

ቋ ቋ።

ማንም አልጮኸም። ፈውዚያ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዞራ ሁሉንም አየች፣ ገባቸው። ሰዎቹ ሸራውን ፈቱ፣ ሳጥኖቹን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ መሬት ላይ እንደ ዕንቁላል አስቀመጡ። እኔ ጣሳዬን እመታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ በድምፁ እየተመሩ ይወርዳሉ። መልሱ እየደከመ ሄደ። አንድ ጊዜ ዘገየች፣ ያቺ መዘግየት እስከ ዛሬ በሕልሜ ትመጣለች። ከዚያ አብዲ አንድ አረንጓዴ ሳጥን ላይ ደረሰ፣ መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ክዳኑን አነሳ።

ሰልማ ጉልበቷን አቅፋ ተጣጥፋ ነበር። ላብ አጥምቋታል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። ብርሃኑን ሸሽታ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እኔን አየችኝ። አልተነሳችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ሽሽ" አለችኝ። "ቲቸር፣ ዝም በይ። እንዳይሰሙሽ።"

ድምጿን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ፈውዚያ ሳጥኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ልጇን አቀፈቻት፣ በዓረብኛ ብዙ ነገረቻት። ጋሼ ሸምሱ መዶሻቸውን አወረዱ። ተራው ግን ወዲያው አልቀጠቀጠም፤ እናትና ልጅ ከመንገዱ እስኪወጡ ሁሉም ጠበቀ።

በኋላ፣ ስትረጋጋ፣ እናቷ ጠየቀቻት። ስምሽን ስንጠራ ዝም ብለሽ ለጣሳው እንዴት መለስሽ? ሰልማ ጥያቄው ራሱ ገረማት። "ስሜን እነሱም ያውቁታል" አለች። "ጣሳውን ግን እኛ ብቻ ነን የምናውቀው።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ብትጠይቁኝ እኔ የማስተምረው አሻንጉሊት መሥራት ነበር የምላችሁ። ልጆች ማዋል። ያ የጣሳ ሕግም ጆሮዬን ለማሳረፍ ያወጣሁት ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እነሱ ግን ሌላ ነገር አድርገውታል። እናንተም የተሰደደ ሰው ጎረቤት ካላችሁ፣ እንደ እኔ በጎ አደረግሁ ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ። እኛ ለመጥራት የምናነሳውን ድምፅ እሱ በሌላ ቦታ ምን ሆኖ እንደሰማው አናውቅም። ደግሞም ፍርሃት ሞኝነት አይደለም፤ ያቺ ልጅ የተማረችውን በትክክል ነው ያደረገችው። እኔ ነኝ ያልተማርኩት። ጋሼ ሸምሱና አብዲም ዛሬ ሳጥን ሳይከፍቱ አይቆልፉም፤ እጃቸው መጀመሪያ ክዳኑን ያነሳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ከወራት በኋላ ልጆቹን ይዤ እንደገና ምናለሽ ተራ ሄድኩ፤ እግሬ እምቢ እያለኝ። ሽቦ ስመርጥ ትንሽ ወደኋላ ቀርቼ ኖሯል። ቀና ስል ገመዱ ከነልጆቹ ማዕዘኑ ላይ ደርሷል፣ በመሀላችን ሰው ሞልቷል። ልቤ እንደገና መውደቅ ጀመረ። ያኔ ከቴዲ ማጉያ ድምፅ ወጣ። የቴዲ አልነበረም፤ ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ተራውን ሞልቶታል።

"ሀያት! ቲቸር ሀያት የምትባል! ሰማያዊ ሻርፕ! ያያችሁ እዚህ አምጡ!"

ሰልማ ካልሲ መሸጫው ሳጥን ላይ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ማጉያውን፣ በሌላው ቋጠሮዋን ይዛለች። ሰዉ እየሳቀ መንገድ ከፈተልኝ። እኔም ስሜ በመርካቶ ሲጠራ፣ ሳልደበቅ ወጣሁ።